የደከመ የጓሮ ጌሾን አስታሞ ማዳን

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ጌሾ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ በየቤቱ ጓሮና በየአጥሩ ሥር የሚገኝ ቋሚ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ተክሉ ከሀገራችን ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ በዚያ ለአጥርና ለጌጥ ይተከላል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ግን ዋና ጥቅሙ ለመጠጥ ነው፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ጥናት ከቅጠሉ ውስጥ ምሬቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ ጌሾይዲን ብሎታል።

ጠላ ጠምቃ የምትተዳደር እናት ገብሱን፣ ዳጉሳውንና ማገዶውን በገንዘብ ትገዛለች፤ ጌሾውን ግን ከጓሮዋ ትለቅማለች። ስለዚህ የጓሮ ጌሾ ሲደርቅ የሚጎድለው ጥላና አጥር ብቻ ሳይሆን የቤት ገቢ ነው።

ተክሉ መጠውለግ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ውሃ ይጨመርለታል፤ ባይሻለው ፍግ ይከመርበታል፤ ይህም ካልረዳ «ከመድረቁ በፊት» ተብሎ የቀረው ቅጠል ተሟጥጦ ይለቀማል። ሦስቱም የሚደረጉት በበጎ አሳብ ወይም በችግር ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲደረጉ ሊድን የሚችለውን ተክል ይገድላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከባለ ጓሮዋ ጋር ሆኖ የደከመውን ተክል እንዲመረምር፣ የሚድነውን ከማይድነው እንዲለይና የሚድነውን በሥርዓት እንዲያስታምም መርዳት ነው።

1. ሥርና ቅጠል የሚረዳዱበት መንገድ

ማንኛውም ተክል በሁለት ወገን ይኖራል። ሥሩ ውሃና ማዕድን ከአፈር ስቦ ወደ ላይ ይልካል፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ወደ ታች ይልካል። ሁለቱ ሚዛናቸውን ሲያጡ ተክሉ ይደክማል።

ቅጠሉ ከመጠን በላይ ሲለቀም ሥሩ ይራባል፤ የተራበ ሥር አዲስ ሥር ማውጣት ያቅተዋል። ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ቅጠሉ ውሃ ያጣል፤ አፈሩ ረግረግ ሆኖ ሳለ እንኳ ተክሉ የተጠማ ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥር እንደ እንስሳ አየር የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ አየር ይጠፋል፤ ሥሩም ታፍኖ ይሞታል። በሞተው ሥር ላይ የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች ይሰፍሩና ጉዳቱን ወደ ጤነኛው ሥር ያሰፋሉ። ስለዚህ የጠወለገ ተክል ሁሉ የተጠማ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ብቻ በሚገባ የተረዳ ባለሙያ ብዙ ጌሾ ያድናል።

በአካባቢያችን ይህ ችግር የሚበረታበት ምክንያት አለ። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ያይላል። ሜዳማው ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። በክረምት የተጎዳ ሥር ጉዳቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቲቱ «ውሃ ጠማው» ብትል አይፈረድባትም። በሽታው የጀመረው ግን ከሁለት ወር በፊት ነው።

2. ከመዳሰስ በፊት መጠየቅ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጓሮ ሲገባ መጀመሪያ ባለቤቲቱን ይጠይቅ። ተክሉን በየቀኑ የምታየው እርሷ ናት። ጥያቄውም የወቀሳ መልክ እንዳይኖረው መጠንቀቅ ይገባል። «እማማ፣ ምነው እንዲህ አደረጉት?» የተባለች እናት እውነቱን ትሸሽጋለች፤ «እማማ፣ መቼ ነው እንዲህ መሆን የጀመረው?» የተባለች ግን የምታውቀውን ሁሉ ትነግራለች። የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ሀ/ መጠውለግ የጀመረው መቼ ነው? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ቀስ በቀስ?
ለ/ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀመው መቼ ነው? ምን ያህል ቅጠልስ ቀረበት?
ሐ/ ውሃ የሚጠጣው በስንት ቀን ነው? የእንስራ እጣቢ፣ የሳሙና ውሃ ወይም አተላ በአጠገቡ ይደፋል ወይ?
መ/ በዚህ ዓመት ፍግ፣ አመድ ወይም ማዳበሪያ ተደርጎበታል ወይ? በአጠገቡስ ቁፋሮ ወይም የቤት ሥራ ነበር ወይ?
ሠ/ ሌሎቹ የጓሮ ተክሎች እንዴት ናቸው?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ጠቃሚ ነው። ጌሾው ብቻ ከታመመ ምክንያቱ በራሱ ሥር ወይም በአያያዙ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከታመመ ግን ችግሩ የመሬቱ ወይም የውሃው ነው።

3. የሚታየው ምልክትና ሊሆን የሚችለው ምክንያት

ሀ/ ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ፤ ሥሩ ታፍኗል ወይም በስብሷል። ውሃ መጨመር ይብስበታል።

ለ/ ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እስከ አንድ ክንድ ጥልቀት ደረቅ ከሆነ፤ በእርግጥ ተጠምቷል። በአቅራቢያው ባሕር ዛፍ ካለ ውሃውን እየተሻማው መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል።

ሐ/ የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የላይኞቹ አረንጓዴ ከሆኑ፤ ናይትሮጂን አንሶታል። በየጊዜው ቅጠሉ እየተለቀመ ምንም በማይመለስለት ጓሮ ይህ የሚጠበቅ ነው።

መ/ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ፤ ተክሉ ብረት የተባለውን ማዕድን ከአፈሩ መውሰድ አቅቶታል። ለብዙ ዘመን አመድ በሚደፋበት ቦታ ወይም ውሃ በሚተኛበት መሬት ይህ ይታያል።

ሠ/ የቅጠሉ ጫፍና ዳር እንደ ተቃጠለ ቡናማ ከሆነ፤ ትኩስ ፍግ፣ የዶሮ ኩስ፣ ዩሪያ ወይም የሳሙና ውሃ ሥሩን አቃጥሎት ሊሆን ይችላል።

ረ/ ለጋ ቀንበጦች በአንድ ሌሊት ጠቁረው ከተገኙ፤ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በደጋው ከሆነ፤ ውርጭ መትቶታል።

ሰ/ ቅጠሉ የሚያጣብቅ ወዝ ካለውና ጉንዳን ከወጣበት፤ በቅጠሉ ሥር ክሽክሽ ወይም ሌላ መጣጭ ተባይ መኖሩን ገልብጦ ማየት ነው።

ሸ/ ተክሉ በእጅ ሲነቀነቅ የሚወዛወዝና አዲስ የአፈር ቁልል በአጠገቡ የሚታይ ከሆነ፤ ፍልፈል ሥሩን በልቶት ይሆናል።

ሁለት ምልክት በአንድ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ለምሳሌ ክሽክሽ የሚበረታው በደከመ ተክል ላይ ስለሆነ ተባዩን አጥቦ ሥሩን ሳይመለከቱ መሄድ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

4. ሥሩን አይቶ መፍረድ

ከቅጠል ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ሥር ነው። ምርመራው እንዲህ ይደረጋል።

በመጀመሪያ የግንዱን አንገት፣ ማለትም ግንድና ሥር የሚገናኙበትን ቦታ፣ በእጅ አፈሩን ጠርጎ ማየት ነው። በኩትኳቶ ጊዜ አፈር እየተከመረ ወይም ጎርፍ ደለል እያመጣ አንገቱ ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል። ይህን በአንገቱ ዙሪያ በአራት ቦታ መሞከር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ርቆ በአንድ ወገን ብቻ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ በጥንቃቄ ይቆፈርና ቀጫጭን ሥሮች ይታያሉ። በዶማ ሳይሆን በእጅና በእንጨት መቆፈር ይሻላል። ጤነኛ ሥር ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲጎትቱት አይበጠስም። የበሰበሰ ሥር ግን ለስላሳ ነው፤ ሲጎትቱት ቅርፊቱ እንደ እጅጌ ወልቆ ውስጡ እንደ ክር ይቀራል፤ መጥፎ ሽታም ሊኖረው ይችላል። የቆየ ጤነኛ ሥር በቀለሙ ሊጠቁር ስለሚችል ፍርዱ በቀለም ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ከምርመራው በኋላ ፍርዱ ከሦስት አንዱ ይሆናል።

አንደኛ፤ ከግማሽ በላይ ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ተክሉ በቀላሉ ሊድን ይችላል።
ሁለተኛ፤ ጤነኛው ሥር ከግማሽ በታች ሆኖ ግን የአንገቱ ቅርፊት በአብዛኛው አረንጓዴ ከሆነ በብርቱ ማስታመም ሊድን ይችላል።
ሦስተኛ፤ በአንገቱ ዙሪያ ሁሉ ቅርፊቱ የሞተ ከሆነ አይድንም። በዚህ ተክል ላይ ጉልበትና ውሃ ማባከን አይገባም፤ የሚደረገው በተራ ቁጥር 9 ተገልጧል።

5. የማስታመሙ ሥራ በቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ዋና ነገር ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከማዳበሪያው፣ ይጀምራል።

ሀ/ ለቀማ ማቆም። የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው። በተክሉ ላይ የቀረው ቅጠል ለሥሩ ምግብ የሚሠራ የመጨረሻው ወጥ ቤት ነው። ከአፈርና ከውሃ ሥራ ይልቅ ለባለቤቲቱ የሚከብደው ይህኛው እንደሆነ ማወቅ ያሻል፤ በተራ ቁጥር 8 እንመለስበታለን።

ለ/ ውሃውን ማስወጣት። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ከተክሉ በላይ በኩል አንድ ሜትር ያህል ርቆ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ውሃው ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በአንገቱ ላይ የተከመረው አፈር ይነሣል። እጣቢና አተላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ ይደፋል፤ አተላ ለከብት መኖ መሆኑ ይታወቃል።

ሐ/ መቁረጥ። የቀረው ሥር ሊሸከመው የማይችለውን ቅርንጫፍ መቀነስ ነው። በመጀመሪያ የደረቀው ሁሉ እስከ አረንጓዴው ድረስ ይቆረጣል። ከዚያ በመጀመሪያው ፍርድ ላይ ያለ ተክል የደረቀው መነሣቱ ብቻ ይበቃዋል። በሁለተኛው ፍርድ ላይ ያለ ደግሞ ደካሞቹና የሚተሻሹት ቅርንጫፎች ተመርጠው ከጠቅላላው እስከ ሲሶ ይቀነሳል። ቅጠላማውን ጤነኛ ቅርንጫፍ መንካት አይገባም። መቁረጫው የተሳለ መቀስ ወይም መጋዝ ይሁን፤ ገጀራ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ቁስሉን በእበት መለሰን አያስፈልግም፤ በንጹሕ ከተቆረጠ ራሱ ይደርቃል።

ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት መቁረጫው በእሳት ነበልባል ይለብለብ፤ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይነከርበትና ይጠረግ። የቤት አረቄ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

መ/ ጉዝጓዝ ማድረግ። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አንድ ጋት ያህል ውፍረት ባለው ሁኔታ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቆ መጎዝጎዝ ነው። ጉዝጓዝ አፈሩን ከፀሐይ ይጠብቃል፣ የዋልካውን መሰነጣጠቅ ያቀላል፣ በስብሶም ምግብ ይሆናል። ግንዱን ከነካ ግን አንገቱን ያበሰብሳል። በክረምት ውሃ በሚተኛበት መሬት ጉዝጓዙ የሚደረገው ዝናቡ ሲያበቃ ነው።

ሠ/ ውሃ በልክ መስጠት። በቀን ቆጠራ ሳይሆን በእጅ ምርመራ ይሁን። ከጉዝጓዙ በታች የመሐል ጣት ያህል ጥልቀት ካለው ቦታ አፈር ዘግነው ሲጨብጡት ተጣብቆ ቅርጽ ከያዘ ውሃ አያስፈልግም፤ ከፈረሰ ይጠጣ። የሰው ቁመት ለሚያህል ጌሾ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን፣ መነሻ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ያነሰ ተክል የሚጠጣውም ያነሰ ነው። ውሃው በግንዱ ላይ ሳይሆን በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ በክብ ይፍሰስ።

ረ/ ጥላ ማበጀት። በበጋ የተቆረጠ ተክል በስተ ምዕራብ በኩል ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚከላከል የቅርንጫፍ ከለላ ለጥቂት ሳምንታት ቢደረግለት ይጠቅመዋል። ፈጽሞ ማጨለም ግን አይገባም።

ሰ/ መመገብ። ይህ የመጨረሻው ነው። አዲሱ ቀንበጥ የጣት ርዝመት እስኪደርስ ድረስ ምንም ዓይነት ማዳበሪያ አይደረግ። ሥር የሌለው ተክል ማዳበሪያ መብላት አይችልም፤ የቀረውን ሥር ያቃጥልበታል እንጂ። ቀንበጡ ከወጣ በኋላ በሚገባ የበሰበሰና ሽታው እንደ ጫካ አፈር የሆነ ብስባሽ ሁለት አካፋ ያህል ከጉዝጓዙ ሥር በስሱ ይበተናል። ትኩስ ፍግ፣ የዶሮ ኩስና ዩሪያ በታመመ ተክል ላይ አይደረጉም። አመድ ለብዙ ዓመት የተደፋበት ጓሮ ከሆነ አመድ መጨመሩ ይቁም።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። እርጥበትና ሙቀት ተስማምቶት ቀንበጥ ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። በየሳምንቱ መቆፈር፣ መነቅነቅና አዲስ ነገር መጨመር ሕመምተኛን እንቅልፍ እንደ መንሣት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

6. በጣሳና በበርሜል የተተከለ ጌሾ

በጎንደር ከተማ ጓሮ የጠበባቸው ቤቶች ጌሾን በቆርቆሮ ጣሳ፣ በአሮጌ ባልዲ ወይም በተቆረጠ በርሜል ይተክላሉ። በነዚህ ዕቃዎች የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው አንድ ነው፤ ከታች ቀዳዳ የላቸውም፤ ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል። የላይኛው አፈር ደርቆ የታችኛው ረግረግ ይሆናል፤ ባለቤቲቱም የላይኛውን አይታ ውሃ ትጨምራለች።

እንዲህ ያለው ተክል ከነአፈሩ ቀስ ተደርጎ ይወጣል። የበሰበሰው ሥር በንጹሕ መቀስ እስከ ጠንካራው ድረስ ይቆረጣል። በዕቃው ዙሪያ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ የሆነው ሥር በጣት ይፈታታል። ዕቃው ታጥቦ ከታች ቢያንስ አምስት የጣት ውፍረት ያላቸው ቀዳዳዎች ይበሱበታል፤ ከመሬት ከፍ እንዲልም በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋልካ ብቻውን ለጣሳ አይሆንም። ሥሩ ያነሰ ከሆነ ትልቅ ዕቃ አያስፈልገውም፤ ሥር የማይደርስበት ብዙ አፈር ውሃ ይዞ ይቆያልና። ከተተከለ በኋላ አንድ ጊዜ ውሃ ከታች እስኪወጣ ይጠጣና የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ይቆያል። ለሁለት ሳምንት ያህል ከቀጥታ ፀሐይ ተጠብቆ በቤቱ ጥግ ይቀመጥ።

7. ስለ ደጋው ውርጭና ስለ ወቅቱ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ጎንደር ከተማ ግን ከዚህ በብዙ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ለሁለቱ ቦታ አንድ የቀን መቁጠሪያ አይሆንም።

በደጋው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ጌሾን መቁረጥ አይገባም። መቁረጥ አዲስ ቀንበጥ ያስወጣል፤ ለጋው ቀንበጥ ደግሞ በውርጭ ይመታል። ተክሉ ሁለት ጊዜ ያወጣውን ኃይል በከንቱ ይጨርሳል። በውርጭ የጠቆረ ጫፍም ቢሆን ወዲያው አይቆረጥ፤ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ይከላከላል። የጉዳቱ ልክ በሚገባ የሚታወቀው በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ውሃ ያለው ሰው ይቁረጥ፤ ውሃ የሌለው እስከ ሰኔ ይቆይ። በጎንደር ከተማና ውርጭ በማያገኛቸው ወይና ደጋ ቦታዎች ውሃ እስካለ ድረስ የሞተውን ቅርንጫፍ በማንኛውም ጊዜ ማንሣት ይቻላል።

ተክሉን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የግድ ከሆነ ዝናቡ ሲጠብቅ፣ በሰኔ መጨረሻ ይደረግ። ሜዳማ ዋልካ ላይ ከሆነ በጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታና አንድ ሜትር ስፋት ባለው የአፈር ጉብታ ላይ ይተከል።

8. ለቀማ የማቆም ችግርና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

«ለቀማ አቁሚ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ጠላ ለምትጠምቅ እናት ግን ጌሾ ከገበያ ግዢ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ምክሩ በሂሳብ መደገፍ አለበት። የሚከተለው ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው።

አንዲት ባለ ጓሮ አራት ጌሾ አላት እንበል። እያንዳንዱ ጤነኛ ጌሾ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል፤ በየጊዜው አንድ ቁና ደረቅ ቅጠል ይሰጣል። ሁለቱ ደክመው ግማሽ ቁና ብቻ ይሰጣሉ። የደከሙትን ሁለት ተክሎች ዘንድሮ ብትለቅም 2 ቁና ታገኛለች፤ ተክሎቹ ከደረቁ ግን አዲስ ችግኝ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ከፈጀ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቦታ ያገኘችው ያው 2 ቁና ብቻ ነው። ዘንድሮ ብታሳርፋቸው ምንም አታገኝም፤ በሁለተኛው ዓመት በከፊል ለቅማ 2 ቁና፣ በሦስተኛው ዓመት ድነው 4 ቁና ቢሰጡ በጠቅላላው 6 ቁና ይሆናል። ልዩነቱ 4 ቁና ነው። ሠራተኛው ይህን ሂሳብ በባለቤቲቱ በራሷ ተክል፣ በራሷ መስፈሪያ አብሯት ይሥራ።

ሂሳቡ እውነት ቢሆንም የዘንድሮውን ጉድለት አይሞላም። ማኅበሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሀ/ ማኅበሩ በመኸር ለቀማ ጊዜ ዋጋው ሲረክስ ደረቅ ጌሾ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ ተክላቸውን ለሚያሳርፉ አባላት በብድር ሊሰጥና ተክሉ ሲያገግም በዓይነት ሊቀበል ይችላል።
ለ/ ቦይ መቆፈር ለአንድ ሴት ከባድ ነው፤ በወንፈል ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።
ሐ/ አንድ ጥሩ የመቁረጫ መቀስና አንድ መጋዝ በማኅበሩ ስም ቢገዛ ለብዙ ጓሮ ይበቃል፤ ከጓሮ ጓሮ ሲዘዋወር መንጻቱን ተቆጣጣሪ ይኑረው።
መ/ በቀበሌው ውስጥ ጠንካሮቹ ጌሾዎች ተለይተው ለዘር እናትነት ምልክት ይደረግባቸው።

ያገገመ ተክል እንደገና የሚለቀመው አዲሱ ቅጠል ጠንክሮ፣ ቀለሙ ደምቆና ማንጸባረቅ ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው ለቀማ ከቅጠሉ ሲሶው ብቻ ይወሰድ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጫፉንና ቢያንስ ከቅጠሉ ግማሹን ሳይተዉ መለቀም የለበትም። ቅርንጫፍ እየሰበሩ መልቀም ቁስል ስለሚፈጥር ቅጠሉ በእጅ ይቀንጠስ፤ እንጨቱ ለጠጅ ከተፈለገ በመቀስ ይቆረጥ።

ጥብቅ ማሳሰቢያ፤ የጌሾ ቅጠል የሚጠጣ ነገር ውስጥ ይገባል። ማላታይንም ሆነ ሌላ ፀረ ተባይ መድኃኒት በጓሮ ጌሾ ላይ አይረጭ፤ ለእህል ጎተራ የተገዛ ዱቄትም አይበተንበት። ክሽክሽ ሲገኝ የተጎዳው ጫፍ ተቆርጦ ይቃጠል፤ ቀሪው በንጹሕ ውሃ፣ ካልበቃም ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ ይታጠብና በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። የሳሙናው ውሃ ወደ ሥሩ እንዳይወርድ አሮጌ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ ከሥሩ ይነጠፍ። መድኃኒት የተረጨበት ጌሾ መኖሩ ከታወቀ ቅጠሉ ለመጠጥም ለገበያም እንዳይወጣ ማድረግ የሠራተኛው ግዴታ ነው።

9. የማይድነውን መተካት

የሞተው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል። ከበሰበሰ ሥር የተነሣ ከሆነ ውሃ መውጫው ሳይስተካከል በዚያው ጉድጓድ አዲስ ችግኝ አይተከል፤ ያው በሽታ ይጠብቀዋል።

ለዘር የሚሆነው ፍሬ ከጤነኛና ብዙ ቅጠል ከሚሰጥ ተክል፣ ከቀይነት አልፎ ሲጠቁር ይለቀማል። ሥጋው ታሽቶ በውሃ ይታጠባል፤ ዘሩ በጥላ ይደርቃል፤ ብዙ ሳይቆይም በመደብ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ይዘራል። ችግኝ ከገበያ የሚገዛም ከሆነ ከረጢቱን ገልጦ ሥሩን ማየት መብቱ ነው። ቅጠሉ ያማረ፣ ሥሩ ግን የተጠማዘዘ ወይም የሸተተ ችግኝ አይገዛ።

ማጠቃለያ

የደከመ ጌሾ የሚድነው በብዙ ነገር ሳይሆን በትክክለኛው ነገር በቅደም ተከተል ነው። መጠየቅ፣ ሥሩን ማየት፣ መፍረድ፣ ማሳረፍ፣ ውሃውን ማስወጣት፣ የሞተውን መቁረጥ፣ በልክ ማጠጣት፣ በመጨረሻም መመገብ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን «አፈሩ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» የሚለው ጥያቄ በእጅ ተነክቶ ይመለስ። በየጓሮው የተደረገው ሥራ፣ ቀኑና ውጤቱ በሠራተኛው መዝገብ ቢያዝ የአንዱ ቤት ልምድ ለቀበሌው ሁሉ ይተርፋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በኅዳር ወር የጠወለገ ጌሾ አገኛችሁ፤ አፈሩ እርጥብ ነው። ባለቤቲቱ በየቀኑ ታጠጣዋለች። ምን ትጠይቃላችሁ? ምንስ ትመክራላችሁ?
2. ማዳበሪያ ለምን ከሁሉ በኋላ ይመጣል?
3. በደባርቅ በጥቅምት መቁረጥ ጉዳቱ ምንድን ነው? በጎንደር ከተማስ?
4. በማኅበራችሁ ውስጥ ተክላቸውን ለሚያሳርፉ አባላት ደረቅ ጌሾ ለማበደር ምን ዓይነት ውል ያስፈልጋል?
5. በቀበሌያችሁ ለዘር እናትነት የሚሆኑ አምስት ጌሾዎች በየትኞቹ ጓሮዎች ይገኛሉ? ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ መዝግቡ።